የሲዴሪስ አፅም

አካፋው የሬሳ ሣጥኑን ሳንቃ ሲነካ ዛምቤታ የያዘችውን የወይን ጠርሙስ ጭምቅ አደረገችው። ሦስት ዓመት ሞልቷል፤ እንደ ደንቡ የልጇ የሲዴሪስ አፅም ወጥቶ፣ በወይን ታጥቦ፣ በሣጥን ከአባቱ ጎን ይቀመጣል። የደሴቲቱ መካነ መቃብር እንደሆነ መዳፍ የምታህል ናት፤ ጉድጓዱን ነገ ሌላ ሟች ይፈልገዋል።

የመንደሩ ሴቶች ጥቁር ለብሰው ከበዋል። ከጉድጓዱ ማዶ ምራቷ ማሪጎ ቆማለች። ዛምቤታ ፈርታለች። ምን እንደፈራች የሚያውቁት እሷና ማሪጎ ብቻ ናቸው። ሲዴሪስ ዓሣ የማጥመድ ፈቃዱን ከአባቱ ጀልባ ጋር ለመንግሥት አስረክቦ፣ ጀልባውን ለሚያሰብር ዓሣ አጥማጅ በሚከፈለው ድጎማ ሞተር ብስክሌት ሊገዛ ተነሣ። ያ የእንጨት ጀልባ በመቆፈሪያ መኪና እንክትክት ሲል ዛምቤታ እያየች፣ ምላሷ ይቆረጥና፣ "አፈር አይቀበልህ!" አለችው። በወሩ ሞተሩ ገደል ይዞት ገባ።

ቆፋሪው ፎቲስ ሳንቃውን ገለጥ አደረገ። ከዚያ ወደ ቄሱ ወደ አባ አንቲሞስ ቀና አለ።

"አባ፣ አልፈረሰም። መልኩ እንኳ ይታወቃል።"

ሴቶቹ አማተቡ፤ በደሴቲቱ እምነት የማይፈርሰው አፈር ያልተቀበለው ሬሳ ነው። ሹክሹክታውም ወዲያው ተጀመረ፤ መቼም የዚህ መንደር አፍ ሥራ አይፈታም። አንዷ ሳይናዘዝ ስለሞተ ነው አለች። ሌላዋ፣ ማሪጎ እየሰማች፣ ድሮም አንጀቱን ስታሳርረው የኖረች ሚስቱ ሳትረግመው አትቀርም አለች። ማሪጎ አንገቷን ደፋች።

ፎቲስ ነገሩን ሊያበርድ ሞከረ። "ሸክላ አፈር እኮ ነው፣ ውሃ ይቋጥራል። አምናም አንዱ እንዲሁ ሆኖብኛል።"

"ይሁን፣ መልሰን እንቀብረዋለን" አሉ አባ አንቲሞስ። "ግን ቂም የያዘበት ካለ ከልቡ ይቅር ይበለው።"

ዓይን ሁሉ ማሪጎ ላይ አረፈ።

የፎቲስ ሸክላ ጥሩ መሸሸጊያ ነበር። ዛምቤታ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ማሪጎም አታጋልጣትም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ችላላታለች። ይህን ስታስብ ግን እንዴት ያለ እፍረት ያዛት! የገዛ ልጇን ከነመልኩ ጉድጓድ ውስጥ አስተኝታ፣ ሚስቱን ደግሞ በሰው አፍ ልታስበላ!

"ልጅቷን ተዉአት" አለች። "አፈር አይቀበልህ ያልኩት እኔ ነኝ። እናቱ።"

ማሪጎ ደንግጣ ቀና አለች። "እማ፣ ተይ።"

ዛምቤታ ጫማዋን አውልቃ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ አለችና ለፎቲስ እጇን ዘረጋችለት።

"አውርደኝ" አለችው። "ይቅር በለኝ ልለው ነው።"