የግራ ክንፍ መብራት

እስከ ዛሬ ድረስ እትዬ ሓዳስ ጥፋቱ ያንቺ ነው ይሉኛል። እኔ ምን አጠፋሁ? ባሌን ደስ ላሰኘው ብዬ እንጂ።

ባሌ ኢዮሲያስ ሮም ካሉት ዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅቶች በአንዱ ነው የሚሠራው። ቅዳሜና እሁድ ግን አውሮፕላን ይሠራል። አዎ፣ አውሮፕላን። ሁለት ሰው የምትጭን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በተከራየው ካፓኖኔ፣ በአሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ በገዛ እጁ የሚገጣጥማት። ይህን ለአባቱ በስልክ የነገራቸው ቀን አባባ ቶሎሳ ሳቁበት። አርባ ዓመት ሞልቶህ ዕቃ ዕቃ ትጫወታለህ ወይ አሉት። ስልኩን ዘጋው፤ ይኸው ሦስት ዓመት፣ ደውሎላቸው አያውቅም። ኩራት በዘር ነው መሰለኝ እሳቸውም አልደወሉም። በየእሁዱ አዲስ አበባ የምደውለው እኔ ነኝ። ኢዮሲያስ ሰላም ብሎዎታል እላለሁ፤ አላለም። ልባቸውን እንደሚያማቸው፣ ደረጃ መውጣት እንዳቃታቸው ስነግረው፣ አውሮፕላኗ ትነሣና ፎቶዋን ልኬ እደውላለሁ ይለኛል። እስኪሞቱ ነው የምትጠብቀው ብዬ ስንቴ ተጣልቼዋለሁ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የቀረን የማረፊያ መብራቱ ሌንስ ነበር። በክንፉ ግንባር ላይ መብራቱ የሚቀመጥበት ክፍት ቦታ አለ፤ እሱን የሚሸፍነው እንደ ክንፉ የጎበጠ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። የቀኙን ገጥመናል። የግራው አንዴ ተሰንጥቆበት ሌላ አስመጥቷል። ሥራው ለአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱ ከውስጥ ሌንሱን ወደ ቆርቆሮው ይገፋል፣ ሌላው ከውጭ በትራፓኖ ቀስ እያለ ይበሳል። ትንሽ ከተጫኑት አለቀለት። ከክንፉ ሥር ባለችው ጠባብ መክፈቻ የሱ እጅ አይገባም፣ የኔ ይገባል። ስለዚህ እስከ ብብቴ ክንፉ ውስጥ ገብቼ ተንበርክኬያለሁ።

እሱ ያላወቀው ነገር፣ አባ ተኽለብርሃንን ከቅዳሴ በፊት መጥተው አውሮፕላኗን እንዲባርኩልን ለምኛቸዋለሁ። ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላቸውን ጋሽ ረዳንና ባለቤታቸውን እትዬ ሓዳስንም ይዘው እንዲመጡ ነግሬያለሁ። እንዳይሰማችሁ፣ መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ ያልኩትም እኔው ነኝ።

እነሱም እንዳልኳቸው አደረጉ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው እንዳያዳልጣቸው መሬት መሬቱን እያዩ መጡ። አባ በጥቁር ልብሳቸው ከፊት፣ ጋሽ ረዳ ኮፍያቸውን አውልቀው ከኋላ፣ እትዬ ሓዳስ ለብርዱ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። በሩ ላይ ደርሰው ዝም ብለው ቆሙ።

ትራፓኖው ጮኸና ሌንሱ ጣቶቼ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። የስድብ ናዳ ላወርድበት አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት፤ በሩ ላይ ወደቆሙት አፍጥጧል። ደም የሚባል አልነበረበትም።

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ሐበሻ ማልዶ፣ ቄስ አስቀድሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይደውል የሚመጣው ለምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? እኔ ግን አጣሁት።

ኢዮሲያስ ትራፓኖውን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ "አባቴ ነው?" አለ።

አባ ክው አሉ። ኧረ አይደለም ልጄ፣ አባትህ ደህና ናቸው አሉት። ጋሽ ረዳም ደህና ናቸው አሉ፣ እትዬ ሓዳስም። ሦስቱም ደህና ናቸው ባሉ ቁጥር እሱ ወደ መሬት ወረደ። እኔም ለበረከት ነው የጠራኋቸው እያልኩ እለፈልፋለሁ፤ ማን ሰምቶኝ።

"እናቴንም ደህና ናት ብላችሁኝ ነበር" አላቸው።

እውነቱን ነው። እናቱ ያረፉ ጊዜ መርዶውን የነገሩት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ መጀመሪያ ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው ብለው አስቀምጠውት። አሁን በምን አፋቸው ያሳምኑት?

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አባቱ ጋ ደወለ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። ጠራ፣ ጠራ። አይነሣም ስል ተነሣ።

"ኢዮሲያስ? ማን ሞተ?" አሉ አባባ ቶሎሳ።

ኢዮሲያስ አለቀሰ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ማንም አልሞተም አባዬ ሊል ይሞክራል፣ ግማሹ ለቅሶ ነው።

"አትደብቀኝ። መዓዛ ናት አይደል? እሷ ብትኖር እሷ ነበረች የምትደውለው" አሉና፣ "ወይኔ ልጄን፣ ወይኔ ልጄን" እያሉ እሪ አሉ።

በቁሜ ሲለቀስልኝ ሰማሁ። ልነሣ ስል እጄ ክንፉ ውስጥ ተቀረቀረ፤ እዚያው እንደተንበረከክሁ አለሁ አባባ፣ እኔ ነኝ፣ አለሁ እያልኩ ጮህኩ። አላመኑኝም። ለጉልበታቸው የሚወጉትን መርፌ ማን እንዳገኘላቸው፣ እሁድ ለኔ ብቻ ያወሩኝን፣ ስነግራቸው ነው ለቅሶውን ያቆሙት። ልባቸው እንዳይቆም እየፈራሁ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ።

ቆይተው ልጃቸውን ጠሩት። አሞሃል ወይ አሉት፣ ደህና ነኝ አለ። ከሥራ አባረሩህ ወይ አሉት፣ የለም አለ።

"ታዲያ ምን ሆነህ ደወልክ?"

ኢዮሲያስ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። "የአውሮፕላኗ የግራ ክንፍ መብራት ሌንስ ተሰንጥቆብኝ ነው አባዬ" አላቸው።