ያልታጠበችው ብር

«አጥበሻት ታውቂያለሽ?» አለ የጥንት ሳንቲም ነጋዴው፣ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ።

ፅጌረዳ አራት ዓመት ሙሉ ኤል ሴሪቶ ከተማ በነበረው የአባቷ ቤት ያላጠበችው ነገር አልነበረም፤ አንሶላውን፣ ሳህኑን፣ በመጨረሻም ራሳቸውን አባቷን። እነዚህን ሁለት የምኒልክ ብሮች ግን ውኃ አስነክታቸው አታውቅም።

«አላጠብኳትም።»

«ደግ አደረግሽ። የታጠበች እንደሆነ ዋጋዋ ይወርዳል።» ሽማግሌው አንደኛዋን ብር ዳር ዳሯን ይዞ ወደ መብራቱ አዞራት። የአንበሳው ጋማ ፀጉሩ ሳይቀር ይቆጠራል። «ይቺ ለግሬዲንግ ብትላክ ታዋጣለች። ባለሙያዎች መርምረው ደረጃ ይሰጧታል፤ አሽገው ይመልሷታል። ከዚያ በኋላ ገዢ አያቅማማም።» ሁለተኛዋን ወደ እሷ ገፋ አደረጋት። «ይቺን ተያት። የምርመራው ክፍያ ከራሷ ዋጋ ይበልጣል። ሰው ሲያሻት የኖረች ናት።»

ያሿት አባቷ ነበሩ። አቶ ብርሃነ መስቀል በሕይወት ሳሉ ያቺን ብር ከኮት ኪሳቸው አይለዩአትም ነበር፤ ሲያወሩም ሆነ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ አውራ ጣታቸው በንጉሡ ፊት ላይ ትመላለስ ነበር። ሌላዋ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ ከመሳቢያ ሳትወጣ ኖረች።

ከወንድሟ ከእስክንድር ጋር በተዝካሩ ማግስት አንድ አንድ ሊካፈሉ፣ የትኛዋ ለማን እንደምትሆንም በዕጣ ሊለዩ ተስማምተው ነበር። ያኔ ሁለቱም ብሮች እኩል መስለዋቸው ነበር።

ሱቁ በር ላይ ቆማ ደወለችለት።

«ፅጌ፣ ሚቲንግ ልገባ ነው፤ ቶሎ በይ።»

«አንደኛዋ ትበልጣለች። ግሬድ ብናስደርጋት ታዋጣለች ይላል። ሌላዋ ምንም አታወጣም።»

ሬድውድ ሲቲ ካለው ቢሮው በር ሲዘጋ ተሰማት። ሚቲንጉን የተወው መሰለ።

«በጣም ትበልጣለች?»

«አሁን የተከራየሁትን ቤት የሁለት ወር ኪራይ ትከፍላለች። ሥራ ሳልፈልግ ሁለት ወር ልተኛባት እችላለሁ።»

«እንግዲህ ዕጣው ይፍረደና። ፌር እሱ ነው።»

«አንተ እኮ ዕድልህ ሁልጊዜ ቀና ነው።»

«ምን ላድርግ፣ አምላክ ይወደኛል» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣች። «እስኬ፣ አባዬን ማን ይጠብ ብለን ዕጣ ጥለን ነበር እንዴ?»

የእስክንድር ሳቅ ቆመ።

«እሁድ እሁድ እመጣ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ትመጣ ነበር። ብርቱካን ይዘህ።»

«እና ምን እያልሽኝ ነው?»

«ዕጣ አይወጣም ነው የምልህ» አለችና ዘጋችው።

ስትመለስ ነጋዴው የመላኪያውን ቅጽ አዘጋጅቶ ጠበቃት። «በማን ስም ልሙላው?»

አራት ዓመት በሐኪም ቤቱም፣ በባንኩም፣ በመድኃኒት ቤቱም የተጠየቀችው ይኸው ነበር፤ መልሱም ሁልጊዜ የአባቷ ስም ነበር። አሁንም እሱኑ ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«በእኔ» አለች። «ፅጌረዳ እባላለሁ።» ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገረችው።

ከዚያ የነተበችውን ብር አነሳች። አውራ ጣቷን ስታሳርፍባት፣ አባቷ በማሸት ብዛት የሠሩት ስርጉድ ውስጥ ልክ ገባ። ጥቂት አሸቻት። ነጋዴውን ትንሽ ፖስታ ለመነችው፤ ብሯን ከተተችና ከላይ በአማርኛ «የእስክንድር» ብላ ጽፋ አሸገችው።