ወደ ውጭ የሚከፈት በር

የእርዳታ ድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ በልቧ «እናግዝሽ» ነው የምትለው። ሳትጠይቀው ከኋላዋ መጥቶ ተሽከርካሪ ወንበሯን መግፋት ይወዳል። የሥራ ነገር ስታነሳበት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

«አንቺ ራስሽ ረዳት የምትፈልጊ፣ ሰው አገር ሄደሽ ማንን ልትረጂ ነው?» ብላት ነበር ታላቅ እህቷ፣ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ። እልህ ያዛት። የተማረችው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ የእርዳታ ድርጅቱም የሚሠራቸው ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ልጅ መመቸታቸውን የሚያይ በጎ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ ብሏል። መጣች። ከመጣች ወዲህ ግን ያሠሯት ሥራ ቢኖር ፎቶ መነሳት ብቻ ነው። እንዲህ ሆና ወደ እህቷ ከምትመለስ ሞቷን ትመርጣለች።

የአዲሱን መማሪያ ክፍል ንድፍ ያየች ዕለት ለእናግዝሽ ነገረችው። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫው ሽቅብ ሄዶ በሩ ሥር ያልቃል፤ ጫፉ ላይ ጎማ የሚያርፍበት ደልዳላ ቦታ የለም። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው።

«በወንበር የመጣ ልጅ በሩን ለመሳብ ወደ ኋላ ሊሄድ ነው። ቁልቁል!»

«ምን ችግር አለው የኔ እህት፣ የሚከፍትለት ሰው አይጠፋም።»

«ሁልጊዜ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማክረር ትወጃለሽ።»

ግንባታውን ሄጄ ልየው ስትል መንገዱ ያደክምሻል አላት። ደግማ ስትጠይቅ መኪናው ሞልቷል ተባለች።

የምረቃው ቀን ግን መኪናው ላይ ቦታ ተገኘላት። ለጋሾቹ መጥተዋላ! እናግዝሽ መወጣጫው መሃል አቆማትና እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ለካሜራ ፈገግ አለ። በሩ ያው እንዳለችው ነው። እንዲያውም ግራና ቀኝ የብረት መደገፊያ ተክለውበት መወጣጫው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በሩን ለመክፈት እሷን ቁልቁል መልሰው እንግዶቹን አስገቡ።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ ውስጥ ይጨናነቅብሻል» አላትና በሩን ከኋላው ዘጋው።

ለእሷ ቢጤዎች ተሠራ ለተባለው ቤት የሚጨበጨበውን ጭብጨባ ከውጭ ሆና ትሰማለች። ጎማዎቹን በእጇ እየገፋች ሽቅብ ወጣች፤ ማንም አላገዛትም። የወንበሩን እግር መርገጫ ከበሩ ጋር አጋጠመችና ፍሬን ያዘች።

ንግግሩ አልቆ በሩ ከውስጥ ተገፋ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ሌላ በር የለም፤ መስኮቶቹም ፍርግርግ ናቸው።

«ማነው?» አለ እናግዝሽ።

«እኔ ነኝ።»

«ገለል በይልን እንጂ!»

«ከኋላዬ ቁልቁለት ነው። የት ልግባ?»

ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። «በሩን እንዲህ አድርጎ የሠራው ማነው?» አለች አንዲት ለጋሽ። እናግዝሽ አፉን የበሩ ክፍተት ላይ አድርጎ ተለማመጣት።

«እባክሽ አታዋርጂኝ። በሩ ይቀየራል።»

«ጮክ በል፣ እንግዶቹም ይስሙት።»

በሩን ደግሞ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋንም አልደበቀችም። ውስጥ ሙቀቱ እየበረታ ነው መሰል፣ አንዱ ያስለው ጀመር።

«ጥፋቱ የኔ ነው! በሩ ፈርሶ ይሠራል!» ብሎ ጮኸ እናግዝሽ በመጨረሻ። «በይ አሁን ክፈቺልን!»

ፍሬኑን አልለቀቀችም።

«ምን ችግር አለው ወንድሜ» አለችው፣ «የሚከፍትላችሁ ሰው አይጠፋም።»