ከስምንት ላይ የተቀመጠችው ባቄላ

ግፍ በአማካይ ቁጥር ሲሸፈን ለጊዜው ያምራል፤ እያንዳንዱ ሰው በየቦታው ሲቆም ግን መሸሸጊያ ያጣል።

«እግርህን መልስ! የእኔ ባቄላ ናት» አሉ የላይ ሰፈሯ ወይዘሮ ትርንጎ፣ የሊቀመንበሩ የሞገስ ጫማ መሬት ላይ ወደተሰመረው አመድ ሲጠጋ።

የግብርና ባለሙያዋ ሰላማዊት በጉና ግርጌ፣ በድንች አምራቾች ማኅበር መጋዘን ደጃፍ ላይ መስመሩን አስምራ ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ጽፋበታለች። የላይ ሰፈር ገበሬ ባቄላ፣ የታች ሰፈር ገበሬ አተር ይይዛል፤ ከአንድ ጥማድ መሬት ባገኘው የድንች ኩንታል ቁጥር ላይ አንዲት ፍሬ ያኖራል። አተሩ ሠላሳ ላይ ተከመረ። ባቄላው ከስምንት ፈቀቅ አላለም።

ሞገስ ግን አስቀድሞ ከሪፖርቱ «አማካይ ምርታችን አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ተመስገን!» ብሎ አንብቦ ነበር።

«ላይ ሰፈር መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል?» ሲል አሁን ጮኸ። «ዓይንና ግብር ፈርቶ ምርቱን ይቀንሳል። ለውሸታምና ለሰነፍ ከርሞ ዘር የለም!»

ትርንጎ ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ያ ዘር ከቀረ ማሳቸው ጦም ያድራል።

«እንቀንሳለን፣ እውነት ነው» አሉ። «አባቶቻችንም ይቀንሱ ነበር። ሰላማዊት ልጄ፣ እስቲ የአምናውን ዘርጊው።»

ሰላማዊት የአምናውን ፍሬ በነጥብ የገለበጠችበትን ወረቀት ከመስመሩ በላይ ዘረጋች። ያኔ ሁለቱም ሰፈሮች ሃያ ላይ ተቀላቅለው ነበር።

«አምናም ዋሸን፣ ዘንድሮም ዋሸን እንበል። አፋችን ያው ከሆነ ድንቹን ምን አሳነሰው?»

«ድንቹ ሰነፈ በላቸዋ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሸንጎው ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽን ሰብስቢ!» አለ ሞገስ።

ልጃቸው የሚሆን ሰው «አንቺ» ሲላቸው ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። የመጋዘን ጠባቂው እሸቴ ያን ጊዜ ተነሣ።

«ዘንድሮ ለላይ ሰፈር ለዘር የታደለው የታመመ አሮጌ ድንች ነው። አዲሱን ዘር ሞገስ ለታች ሰፈር ዘመዶቹ አወጣው። ቁልፉን የከፈትኩ እኔ ነኝ።»

ሰላማዊት ፍሬውን ልትሰበስብ አጎነበሰች።

«ተዪው፤ ፖሊስ ሳያየው አይነሣም» አሉ ትርንጎ። ዶሮ እንዳይለቅመው ዱላቸውን ይዘው ከመስመሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ሞገስ በዚያው ሳምንት ከሊቀመንበርነት ተሻረ። የላይ ሰፈርን ዘር ከራሱ ማሳ ተካ። ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ደብረ ታቦር ታሰረ።