ስሟን ለነፋስ አልሰጥም

«ድምፅህ ተቆራረጠብኝ፤ ድገመው! ፊደል በፊደል!» ጽጌሬዳ የሬዲዮውን መነጋገሪያ አፏ ላይ ለጥፋ ጮኸች።

ከሬዲዮው ሹሹታ መሃል የነርሱ የሰጠኝ ድምፅ ብቅ አለ። «ዓይናዲስ። ዓ፣ ዓለም። ይ፣ ይቅርታ። ና፣ ናርዶስ። ዲ፣ ዲያቆን። ስ፣ ስንዴ። ተቀበይ።»

«ተቀብያለሁ።»

ከጎንደር ፒያሳ ወረድ ብላ ያለችው ጠባብ ክፍል የአምቡላንስ ጥሪ መቀበያ ናት። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የደጋው ጤና ጣቢያ ሁሉ የሚገናኘው በዚህ አሮጌ ሬዲዮ ነው። እሱም የዋዛ አይደለም፤ ስም ሲሰጡት አኝኮ ነው የሚተፋው። ለዚህ ነው ለየፊደሉ አንዳንድ ቃል የወጣለት። ጽጌሬዳ ቃላቱን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሏ ይዛቸዋለች።

ሰጠኝ ከአዲ አርቃይ በላይ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው። ዓይናዲስ የምትባል አራስ በትኩሳት እየነደደች እፊቱ ተኝታለች። መንገዱን ናዳ ዘግቶታል፤ አምቡላንስ አይደርስላትም። መርፌውስ እሱ ዘንድ አለ። ነገር ግን አምና ጎንደር መጥታ ስትታከም አንዱ መርፌ ትንፋሿን ሊቆርጠው ደርሶ ነበር። የትኛው እንደሆነ ካርዷ ላይ ተጽፏል።

የመስመር ስልኩ ጮኸ። ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የላከችው ባልደረባዋ ወንዴ ነው። «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም ጽጌ። ሁለቴ አስፈለግሁ።»

«እንዳትዘጋው፤ መስመር ላይ ቆይ» አለችውና ወደ ሬዲዮው ዞረች።

ሰጠኝ ነገሩን ሰምቶ የአራሷን እናት አናገረና ተመለሰ። «ያኔ ያመጧት አጎቷ ቄሱ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው ደግሞ በክርስትና ስሟ ካልሆነ አይጠሯትም ነበር። ያስመዘገቧትም በሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«ታዲያ ንገረኛ!»

«እናቷ እምቢ አሉ። ይኸው፣ አነጋግሪያቸው።»

የአሮጊት ትንፋሽ መጣ። «ምነው ልጄ! የሳንጃው ሾፌር፣ የወረዳው ዘበኛ፣ ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ? ያውም ማንም እንዳይስተው ፊደል በፊደል ተለቅሞ? ስሟን ለነፋስ አልሰጥም። ክፉ ሰው ከያዘው ይደግምባታል።»

«እናቴ፣ ካልነገሩን እኮ ትሞታለች።»

«ስሟ ከወጣም ትሞታለች!»

ሌላ ቀን ቢሆን ጽጌሬዳ በልቧ ትስቅ ነበር። አሁን ግን አልቻለችም። ታላቅ እህቷ ሄለን ሐኪም ስሙን ባላወቀው በሽታ መንምና ነው የሞተችው። እናታቸው እስከ ዛሬ «ስሟን ሰው ሰምቶባት ነው» ይላሉ። ጽጌሬዳንም የክርስትና ስሟን ትንፍሽ እንዳትል በሬሳው ፊት አስምለዋታል። የተማረች ነች፣ አታምንም። ይሁን እንጂ ለገዛ ባሏ ለነጋ እንኳ ነግራው አታውቅም። ደፍረው ያልሞከሩትን ነገር አላምንበትም ማለት ቀላል ነው።

«ጽጌ!» ሰጠኝ ነው። «ትንፋሿ እየፈጠነ ነው። የመጣው ይምጣ ብዬ ልውጋት?»

«እንዳትነካት! መነጋገሪያውን ለእናትየዋ ስጣቸው።»

የሚንሿሿ ድምፅ ተሰማ።

«እናቴ፣ እየሰሙኝ ነው?»

«እሰማለሁ።»

«ሰው ሁሉ ይሰማል ያሉት እውነት ነው። አልዋሽዎትም።» መነጋገሪያውን ወደ አፏ ይበልጥ አስጠጋች። «እኔም የክርስትና ስም አለኝ። እናቴ አስምላኛለች። መጀመሪያ የኔ ይውጣ።»

«ኧረ ተይ ልጄ!»

ረጋ ብላ ካሰበችበት እንደምትተወው ስላወቀች ጊዜ አልፈጀችም። ቁልፉን ተጫነች። «ወ፣ ወርቅ። ለ፣ ለምለም። ተ፣ ተራራ።» የእህቷ ፊት ድቅን አለባት። ሩ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረና እንደገና ጀመረችው። «ሩ፣ ሩዝ። ፋ፣ ፋሲካ። ኤ፣ ኤሊ። ል፣ ልብስ። ወለተሩፋኤል። ተቀበሉ።»

የስልኩን እጀታ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ ወንዴ አሁንም መስመር ላይ ነው። ቃሉ ወጥቷል፤ ዓፄ ቢመጡ አይመልሱትም።

ቆይቶ የአሮጊቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም ወለተሩፋኤል። ለዚህ ልጅ በጆሮው እነግረዋለሁ፤ እሱ በሬዲዮው ይቁጠርልሽ።»