የታጠበው ካፖርት

ሶልቪ የባሏ እናት ወደምትኖርበት ደሴት በመጣች በማግስቱ፣ አማቷን ለማስደሰት ብላ ካፖርቷን አጠበችላት። ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ የነበረ፣ ክርኑ የተጣፈ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ካፖርት ነው። በሳሙና ፈትጋ ገመድ ላይ አሰጣችው።

ነፋሱ እጅጌዎቹን ሲያወናጭፋቸው፣ ለስላሳ ላባቸውን ለመሰብሰብ ሲባል ከድንጋይና ከጣውላ በተሠሩላቸው ትንንሽ ቤቶች ውስጥ እንቁላል የታቀፉት የባሕር ዳክዬዎች ደንግጠው ወጡ፤ እየተንደረደሩም ባሕር ገቡ።

አማቷ ኦድላውግ ከጀልባዋ እየሮጠች መጣች። ቢሆንም ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ በመታቀፊያው ወራት በደሴቱ ላይ ማንም አይጮኽም።

«ምን አደረግሽ፣ ልጄ?»

«ቆሽሾ ነበር እኮ፣ እማማ።»

«ዳክዬዎቹ የሚያውቁት እኔን አይደለም፣ ካፖርቱን ነው። እስከ ሰኔ ድረስ ሌላ ልብስ ለብሼ አልቀርባቸውም። ባልሽ ዮስታይን አልነገረሽም?»

«እሱ ስለ ዳክዬ ማውራት ሲጀምር እንቅልፍ ይወስደኛል።»

አሮጊቷ ሳቋ መጥቶ ተመለሰ። «ዘንድሮ የመጡት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ዛሬ እንቁላላቸውን ጥለው ከሄዱ ለከርሞ አይመጡም።»

ውሃ የሚያንጠባጥበውን ካፖርት ከገመዱ አውርዳ ለበሰችው።

«እማማ፣ ይታመማሉ!»

«ዝም ብለሽ ከኋላዬ ተከተይኝ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ኦድላውግ እየተንቀጠቀጠች ለባሕሩ በለሆሳስ ታወራ ጀመር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዳክዬዎቹ አንድ በአንድ እየተንገዳገዱ ወጡ። አሥሩ ገቡ፤ አንዷ ግን ቀረች።

ኦድላውግ የቀረችውን ዳክዬ እንቁላሎች ዳሰሰች። አራት ናቸው። «ሙቀታቸው አላለቀም። እኔ በርዶኛል፤ አንቺ ጉያሽ ውስጥ ክተቻቸው። ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ዳክዬ የታቀፈችው ሁለት ብቻ ስለሆነ ለእሷ እንስጣት።»

ሶልቪ በዳክዬዋ ፊት ተንበረከከች።

«አናግሪያት» አለቻት አማቷ።

«ምን ብዬ?»

«ጥፋትሽን ንገሪያት። ከእኔ ይልቅ እሷ ቶሎ ይቅር ትላለች።»

«ይቅርታ እመቤቴ» አለች ሶልቪ በሹክሹክታ፤ «እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን ሁሉ አጥባለሁ።» እንቁላሎቹን ከላባው ጫፍ አስጠግታ አስቀመጠች።

ዳክዬዋ አንገቷን ዘርግታ አየቻት። ከዚያ በመንቁሯ አንዱን ወደ ሆዷ ሳበች፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውንም። ከኋላ የአማቷ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ሶልቪ ዞራ ልታያት ፈለገች፤ አራተኛው ገና አልተሳበምና አልተንቀሳቀሰችም።