የሦስት ጣት እጀታ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካሉት የጩቤ እጀታ ሠሪዎች መሃል እንደኔ ጉራ የሚነዛ አልነበረም። ጩቤ የሚያሠራኝን ሰው መጀመሪያ ለብ ያለ ሰም አስጨብጠዋለሁ፤ ጣቶቹ ያረፉበትን አይቼ የእጀታውን ቀንድ እቀርጻለሁ። «ሙሄዲን የሠራውን ጩቤ ሌባ ቢሰርቀው እጁ ያሳብቅበታል» እያልኩ ስንቱን አስቄያለሁ። ምነው ያኔ አፌን በዘጋው!

ለልጄ ለዘይኑልአቢዲንም ሠርቼለታለሁ። ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ሲሠራ የሞተሩ ቺንጋ የቀኝ እጁን ትንሿን ጣት ቆርጦበታል። ስለዚህ ከአውራ ጣቱ ሌላ የሦስት ጣት ቦታ ብቻ አወጣሁለት፤ ጫፉንም አሳጠርኩት። ሲጨብጠው «አባ፣ ጣቴ የተመለሰች መሰለኝ» አለኝ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተከለከለ ወረቀትና ያ ጩቤ አብረው ተገኙ። የጩቤው ባለቤት እንደሚረሸን የማያውቅ የለም። አምስት ሠራተኞች ተይዘው ደሴ መጡ፤ አንዱ የኔ ልጅ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደጉ፣ የድሮ ደንበኛዬ፣ አስጠርቶኝ ጩቤውን ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው። ወላሂ የኔ ነው!»

በሐሰት ስምል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጋሽ ሙሄዲን፣ እጀታዬ ባለቤቱን ያውቃል የሚሉት እርስዎ አይደሉም? እስቲ ይጨብጡት።»

ጨበጥኩት። ሦስት ጣቶቼ ቦታቸውን አገኙ። ትንሿ ጣቴ ማረፊያ አጥታ ተንጠልጥላ ቀረች። ደጉ እሷኑ ትንሽ አየና ወደ ዘበኛው ዞረ።

«ከተያዙት ልጆች ትንሽ ጣት የሌለው ማነው?»

«አላውቀውም» ብል ኖሮ ማንም አያስጨብጠኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የልጄን ልብስ ሰጡን። ሚስቴን ከሪማን እንዳታለቅስ አስጠነቀቋት። እኔን ማስጠንቀቅ አላስፈለገም፤ እንባም አልመጣልኝ። እጄን ሳየው የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።

ሥራዬን አልተውኩም፤ ሆድ መቼ ሐዘን ያውቃል። ሰም ግን አላሞቅም። ቀንዱን እንደ መጥረጊያ እንጨት ድቡልቡል አድርጌ እሰጣለሁ። ባለፈው ከቦሩ ሜዳ የመጣ ገበሬ ጨበጠና አገላበጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ ለእጄ አልተመቸም።»

«ለማንም አይመች» አልኩት።